የመርከብ መሥሪያው ጡሩምባ

ጥበብ ከዚህች የሰሜን እንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ምክር ቤት ሌላ የት ትገኛለች? የመርከብ መሥሪያው ከተዘጋ ወዲህ ከተማዪቱ ሥራ አጥታ ስትቆዝም፣ ከንቲባዋ ወይዘሮ ክራውሾ ሌት ተቀን ተጨንቀው መድኃኒቱን አገኙላት፦ ሥራው ቢቀር ቅርሱ ይመለስ። በመሆኑም ሠራተኛውን ለሥራ ይጠራ የነበረው የመርከብ መሥሪያው አሮጌ ጡሩምባ ተወልውሎ በየማለዳው እንደ ጥንቱ እንዲጮህ ተወሰነ። ጎብኚ ይጎርፋል፣ ኢኮኖሚውም ያንሰራራል ተባለ፤ ተጨበጨበም።

ጡሩምባው በጮኸበት በመጀመሪያው ማለዳ፣ የድሮው በያጅ ዊልፍ ዓይኑን ሳይገልጥ ሱሪውን ታጥቆ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት የለመደ እግር ምክር አይሰማም። ሚስቱ ኢኒድም በእንቅልፍ ልቧ ዳቦ በአይብ ቋጥራ አስያዘችው። ደጅ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ሁሉ እንደሱው ወጥተዋል። ተያይዘው ወደ መሥሪያው በር ወረዱ፤ በሩ ግን ካፌ ሆኗል። አፍረው ተሳሳቁ፣ ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። በማግስቱም ሄዱ፤ እውነት ለመናገር ደስ ብሏቸው ነበር።

ከንቲባዋ ይህን በመስኮት አይተው ወደ አደባባይ ወጡ። «ከተማችን ወደ ሥራ ተመለሰች!» ሲሉም ንግግር አደረጉ።

ንግግሩን የሥራ አጦች ቢሮ በጥሞና አዳመጠና ለዊልፍ እንደ ሥራ አጥ ይከፍለው የነበረውን ድጎማ አቋረጠ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ዊልፍ ቢሮው ድረስ ሄዶ።

«ምንም። በየማለዳው ሥራ ሲገቡ ታይተዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት» አለችው ሠራተኛዋ።

«የምን ሥራ? እዚያ ያለው እኮ ካፌ ነው!»

«ታዲያ ምሳ ለምን ቋጠሩ?»

ይህን የሚመልስ ሕግ ዐዋቂ ገና አልተወለደም።

«ላም አለኝ በሰማይ አሉ!» አለች ኢኒድ ቤት ሲደርስ። «ሥራህ በሰማይ፣ የቤት ኪራዩ በምድር! ነገ ከዚህ አልጋ ብትነሣ እግርህን ነው የምሰብረው፤ ሰማህ አንተ ሰውዬ?»

በማግስቱ ጡሩምባው ጮኸ። ዊልፍ ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ፣ እግሮቹ ብርድ ልብሱ ውስጥ እየተራመዱ፣ እንደ ምንም ተኝቶ አረፈደ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ታገለ። ከዚያ ጢሙን ተላጭቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ቢሮው ገባ።

«ይኸው፣ የትም አልሄድኩም። ሚስቴ ምስክሬ ናት። አሁንስ ሥራ አጥ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

ሠራተኛዋ ከልቧ አዘነችለት።

«ሥራ አጥማ ነዎት፣ አቶ ዊልፍ። ግን በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ጥሎ ለተኛ ሰው መንግሥት ድጎማ አይሰጥም።»