የሞተው ጥልፍ ፎቅ ላይ ይስቃል

[ሉክናው፣ ቾክ ሰፈር። የአሮጌ ቤት ምድር ቤት፤ ጨርቅ የተወጠረበት ሰፊ የእንጨት ጣውላ። የባጃጅ ሹፌሩ ሽብሊ ጣውላው ሥር እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሽብሊ «ባይ» (ወንድም ጋሼ) የሚለው የእህቱ ባል ጉፍራን በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ለብሶ፣ አንድ ወፍራም መነጽር ሊያደርግለት ይታገለዋል።]

ሽብሊ፦ ኧረ ጉፍራን ባይ፣ ዓይኔ ደህና ነው እኮ!

ጉፍራን፦ ችግሩ እሱ አይደል! ዓይኑ ደህና የሆነ የወርቅ ጥልፍ ሠሪ የት አይተህ ታውቃለህ? አድርገው!

ሽብሊ፦ የማን ነው?

ጉፍራን፦ የጎረቤታችን የሐኪሙ። ነፍሳቸውን ይማርና።

ሽብሊ፦ ለካ ለዚህ ነው! ሳል ይዞኝ ስሄድ የሆድ መድኃኒት ይሰጡኝ ነበር። [ያደርገዋል] ጉፍራን ባይ? የት ሄዱ?

ጉፍራን፦ ፊትህ ቆሜ!

ሽብሊ፦ እርስዎ ነዎት እንዴ? መጋረጃው መስሎኝ።

ጉፍራን፦ በጣም ጥሩ፣ እንዲሁ ተደናበር። ሊጎበኙን የሚመጡት ቱሪስቶች «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉህ ምን ትላለህ?

ሽብሊ፦ ጥሩ ነው፣ ባትሪው ብቻ ቶሎ ቶሎ ያልቃል...

ጉፍራን፦ ባጃጁን እርሳው አልኩህ! ዛሬ የሰባት ትውልድ ጥልፍ ሠሪ ነህ። አባትህ፣ አያትህ፣ ቅድመ አያትህ ለጥንቶቹ ገዢዎች፣ ለናዋቦቹ ቤተ መንግሥት ጠልፈዋል።

ሽብሊ፦ አባቴ እኮ ሥጋ ሻጭ ነበር። የምትጠልፈው እናቴ ናት።

ጉፍራን፦ በእናት ትውልድ አይቆጠርም! ቀጥል። ጥልፉ ምን ሆነ?

ሽብሊ፦ ሞተ።

ጉፍራን፦ እንደሱ አይባልም! የጠፋ ፍየል ነው እንዴ የምትናገረው? በሐዘን! «ሞ... ተ...»

ሽብሊ፦ መቼ ነው ግን የሞተው? ጠዋት ፎቅ ላይ እህቴ ታህሲን ጋ ቁርስ ስበላ ደህና ነበር። እሷና አብረዋት የሚጠልፉት ሴቶች የሙሽራ ቀሚስ ላይ ተደፍተው ቀና ማለት እንኳ አቅቷቸዋል። የሠርግ ወር አይደል።

ጉፍራን፦ ዝም በል! ካልሞተ ምኑን ነው የምናነሣው? ቱሪስት እኮ ከፍሎ የሚመጣው የሞተ ሲነሣ ለማየት ነው።

ሽብሊ፦ አሃ። እነሱ እስኪሄዱ ይሞታል ማለት ነው።

ጉፍራን፦ እኛ ደግሞ ሕይወት እንዘራበታለን!

ሽብሊ፦ የቱ ጋ? ግቢው ሲሚንቶ ነው።

[ከፎቅ የሴቶች ሳቅ ይሰማል።]

ጉፍራን፦ ይኸው! ዛሬ እንኳ ዝም በሉ ብያቸው ነበር። የሚሞት ነገር ይስቃል? ስማኝ፣ የአስጎብኚው ድርጅት ሰውዬ ዛሬ ከወደደን በየሳምንቱ ሰው ይልክልናል። ያን ጊዜ ፎቁን የእንግዳ ማረፊያ አደርገዋለሁ። ታህሲንም ጣውላዋን ነቃቅላ ወጥ ቤት ትገባለች።

ሽብሊ፦ [መነጽሩን ዝቅ አድርጎ] ታህሲን ታውቃለች?

ጉፍራን፦ ምን ያሳውቃታል? ለዚያ ሁሉ እንግዳ ብሪያኒ ማን ሊሠራ ነው?

ሽብሊ፦ ሌሎቹ ሴቶችስ?

ጉፍራን፦ ቤት የላቸውም እንዴ? ይግቡ!

ሽብሊ፦ ገባኝ። ጥልፉን ለማንሣት፣ መጀመሪያ ጠላፊዎቹን ማስነሣት።

ጉፍራን፦ ተመስገን፣ አንድ ቀን እንኳ ገባህ! ተስተካከል፣ መጡ!

[ጥቂት ቱሪስቶችና የድርጅቱ ሰው ይገባሉ። ጉፍራን ድምፁን ያወፍራል።]

ጉፍራን፦ እንኳን ወደ መጨረሻው መርፌ ቤት በደህና መጣችሁ! ይህ ሽብሊ ነው። አይናገርም፤ ሐዘን አንደበቱን ዘግቶታል።

ሽብሊ፦ አዎ፣ አልናገርም።

ጉፍራን፦ [ጥርሱን ነክሶ] ዝም! [ወደ እንግዶቹ] ይህን ካባ ቅድመ አያቴ ናዋቡ ፊት ለብሰውታል። እያንዳንዱ ክር በእጅ የገባ ነው።

ሽብሊ፦ ጉፍራን ባይ፣ የሱቁ የዋጋ ወረቀት ኮሌታዎ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጉፍራን፦ የ... የሙዚየም ቁጥር ነው! አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። እንደ እኔ ጨፍኑና ያን ዘመን እዩት!

[ጉፍራን ዓይኑን ይጨፍናል። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ለሽብሊ ያንሾካሹካሉ። ሽብሊ በጣቱ ደረጃውን ያሳያቸዋል። ይወጣሉ። ሌሎቹም በየተራ ይከተላሉ፤ የድርጅቱ ሰው መጨረሻ።]

ጉፍራን፦ ይሰማችኋል? መርፌው... ትክ... ትክ... ያ ሁሉ እጅ የት ገባ? ዛሬ ማን ቀረ? ማንም!

ሽብሊ፦ እውነት ነው፤ ማንም።

ጉፍራን፦ [እንባውን እየጠረገ ዓይኑን ይገልጣል] የት ሄዱ?!

[ከፎቅ ከበፊቱ የባሰ ሳቅና ጭብጨባ።]

ጉፍራን፦ ወይኔ! ሂድ፣ አውርዳቸው!

[ሽብሊ ይወጣል። ጉፍራን ይንቆራጠጣል። ሽብሊ አፉን እየጠረገ ይመለሳል።]

ጉፍራን፦ እህስ?

ሽብሊ፦ አንወርድም አሉ። ታህሲን ጣውላው ሥር አስቀምጣቸዋለች። አንዷ ፈረንጅ አበባ ልጥለፍ ብላ እንቁራሪት አወጣች፤ ሴቶቹ በሳቅ ሊሞቱ ነው። ሰውዬው በየሳምንቱ ሰው እልካለሁ ብሏል።

ጉፍራን፦ አልሃምዱሊላህ! ወደደኝ ማለት ነው!

ሽብሊ፦ ያለው ለታህሲን ነው። ከእሷ ሊማሩ ነው የሚመጡት። ዋጋውንም ከእሷ ጋር ጨርሷል። ምሳውን ማን ይሥራ ሲባል ግን እርስዎን ጠቆመች።

ጉፍራን፦ እኔን?!

ሽብሊ፦ እኔም ደንግጬ ጠይቄያታለሁ። «ከዚህ ቤት ሥራ የፈታ እሱ ብቻ ነው» አለች።

ጉፍራን፦ ጨረስከኝ፣ አንተ ደደብ! ማነው ወደ ላይ የላካቸው?

ሽብሊ፦ አሮጊቷ ሽንት ቤት የት ነው አሉኝ። ደረጃውን አሳየኋቸው።

ጉፍራን፦ ሽንት ቤቱ እዚሁ ከጀርባህ አይደል እንዴ! ተወልደህ ባደግክበት ቤት ሽንት ቤቱን አታውቀውም?

ሽብሊ፦ [በቀስታ እየተነሣ] እሱንማ አውቀዋለሁ፣ ጉፍራን ባይ። እርስዎን ግን ዓይንዎን ይጨፍኑ ያለዎት ማነው?