የኦሞድ ጥርስና የእኔ ኮፍያ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቅርብ ወዳጃችሁ የፊት ጥርሶች ስንት ናቸው? አያችሁ፣ አታውቁትም። አብራችሁ በልታችኋል፣ አብራችሁ ስቃችኋል፣ ሐሜቱንም በዚያው አፍ ተቀባብላችኋል፤ አንድም ቀን ግን ቁጭ ብላችሁ አልቆጠራችሁም። አይፈረድባችሁም፤ የሰው ጥርስ የሚቆጠረው ፖሊስ ጣቢያ ሲደረስ ነው። እኔም የወዳጄን የኦሞድን ጥርስ የቆጠርኩት እዚያው ጣቢያ በር ላይ ነው።

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ወላጆቼ በሰፈራ መጥተው አቦቦ ወረዳ ማሳ ያዙ፤ እኔ ግን እርሻው አልሆንልህ ሲለኝ ጋምቤላ ከተማ ገባሁ። ኦሞድ አናጺ ነው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ይመራል። አንድ ጠዋት ከገበያ አሳፍሬው ወደ ባሮ ድልድይ ስንወርድ አንዲት ፍየል ዘላ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። ፍሬን ያዝኩ። ባጃጁ ቆመ፤ ኦሞድ ግን አልቆመም። ከኋላ ወንበር ተወርውሮ መጥቶ በአፉ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ። ፍየሏ አየት አድርጋን መንገዷን ቀጠለች።

እኔን አንድ ክሊኒክ ሰፍተው ለቀቁኝ፤ ኮፍያዬን ደፋሁበትና ረሳሁት። የሾፌር ጭንቅላት ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅም አልተገኘ። ኦሞድ ግን ሁለት የላይ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ነበር። መድን ድርጅቱ ጥርሱን እንዲያስተክልለት የፖሊስ ሪፖርት ጠየቀ፤ ፖሊስ ደግሞ የሐኪም ማስረጃ። ሐኪሙ ከደጋ ገና መምጣቱ ነው፤ የመንገዱ ድካም እንኳ አልወጣለትም። ያበጠና ደም የሞላው አፍ አየ፣ የጎደለውን ሁሉ ቆጠረ፣ ጻፈ፦ በደረሰበት አደጋ ስድስት የፊት ጥርሶቹን አጥቷል።

ስድስት! አራቱ የታችኞቹ እኮ በልጅነቱ፣ በብሔረሰቡ በአኙዋ ወግ የወጡ ናቸው። በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ሲስቅ ታች ባዶ መሆኑ እዚህ አገር እንደ ሙቀቱ የተለመደ ነው፤ እኔም ስንት ዘመን አይቼው አላየሁትም።

«ስድስት ጥርስ ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ እስር አለው» አለኝ የባጃጅ ተራ አስከባሪያችን፣ ማንም ያልሾመው የሰፈሩ ጠበቃ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። የመንጃ ፈቃዴን ፎቶ አውጥቼ እያየሁ እሰናበተው ጀመር። ደግሞ የሚያስፈራኝ ወረቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ኦሞድ ራሱ ነው። መድኑ ስድስት ጥርስ ላስተክልህ ሲለው ለምን እምቢ ይላል? እናንተስ ብትሆኑ? እውነቱን ተናገርልኝ ብዬ እንዳልለምነው፣ የተጎዳው እሱ ነው።

ጣቢያ ስንቀርብ በሩ ላይ ጥርሱን ቆጠርኩና ገባን፤ ሳጅኑ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። «ስድስት?» አለ።

ኦሞድ የታች ከንፈሩን በጣቱ ሳብ አድርጎ አሳየው።

«ሳጅን፣ እነዚህን የታችኞቹን አያቴ ነው ያስወጣቸው፣ እኔ ልጅ ሆኜ» አለ። «አያቴ ሞቷል። ባጃጅም አልነበረውም።»

ያንን ጎዶሎ አፍ ልስመው ዳዳኝ። ሳጅኑም የአገሩ ልጅ ነውና ሳቀ፤ ሲስቅ የእሱም ታች ባዶ ነው። ቀጥሎ ግን ወረቀቱን ወደ እኛ ገፋው።

«እንግዲህ ሐኪሙ አራቱን ከሳተ፣ የላይኞቹንስ በምን አምናለሁ? ቀድሞ የወለቁ ቢሆኑስ?»

«እኔው ነኝ ያስወለቅኳቸው» አልኩ፣ ምላሴ ቀድሞኝ።

«ወዳጆች ናችሁ። መድኑ ተመካክረው ነው ይላል። ሌላ ያየ ሰው አለ?»

ከፍየሏ በቀር ማንም አልነበረም።

«በቃ፣ ማስረጃ ከሌለ ክስም የለም። ሂዱ።»

ነፃ ወጣሁ! እስርም የለ፣ ቅጣትም የለ። ደስታዬ ግን እስከ በሩ እንኳ አልዘለቀችም፤ ክስ ከሌለ የፖሊስ ሪፖርት የለም፣ ሪፖርት ከሌለ መድኑ ለኦሞድ ጥርስ አይከፍልም። ኦሞድ አልተቆጣም፤ አጠገቤ ቆሞ ብቻ «እሁድ ሌላ ሰው ይምራ። እኔ ስዘምር አየሩ ሁሉ ይወጣል» አለ።

አፈርኩ። ኮፍያዬ ስር ያለው ቁስል ያን ጊዜ አሳከከኝ። ሆዴ «ዝም በል፣ ድነሃል» ይለኛል፤ እጄ ግን እዚያው ቁስሉ ላይ ሄዷል። ተመለስኩና ሳጅኑ ፊት አንገቴን ደፍቼ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

ሐኪሙ ተጠራ። የአፉ እብጠት ጎድሎ ነበርና አሁን በደንብ አየ፤ የታችኛው ድድ የቆየ፣ የላይኛው ትኩስ። ከዚያ የእኔን ጠባሳ ከኦሞድ ድድ ጋር አስተያየ፦ ሁለት ጥርስ፣ ጎን ለጎን፣ ልክክ። ወረቀቱ ተስተካከለ። ቀላል ጉዳት ተባለና ከእስር ተረፍኩ፤ መንጃ ፈቃዴ ግን ለጊዜው ተያዘብኝና ይኸው በእግሬ ነኝ።

ኦሞድ ጥርሱን አስተክሎ መዝሙሩን ይመራል። የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሰው ባልሆንም እሁድ ጠርቶኝ ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ኮፍያ አይደረግም። ከኋላዬ ያለው ሕዝብ ሁሉ ማስረጃውን እያየ ዘመረ።