አክስቴ ጎንደር እያሉ ሆቴል የያዝኩ ዕለት

እናንተ! የዛሬውን ጉዴን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ትስቃላችሁ፣ ጎንደሬዎቹ ደግሞ አንፍሬንድ ታደርጉኛላችሁ።

ግድ የለም፣ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ለአንድ ሳምንት ስልጠና ጎንደር መጥቻለሁ። ጎንደር ማለት ለእኔ እትዬ እናኑ ናቸው፣ የአባቴ ታላቅ እህት። ቤታቸው አዘዞ ነው። እዚያ ቤት እንግዳ ጠፍቶ አያውቅም። ከመካነ ብርሃን ለሕክምና የመጣ፣ ከሳንጃ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የመጣ፣ "በዚያው ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው" ብሎ ገብቶ ሳምንት የከረመ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

እኔም ጎንደር በመጣሁ ቁጥር እዚያው ነኝ። ፍራሽ ላይ፣ ከአክስቴ ልጆችና ስሟን ከማላውቃት አንዲት ዘመድ ጋር ተደርድሬ። ገና ሳይነጋ "ተነሽ፣ ቁርስ ቀረበ"። ቁርሱ ከጉሮሮዬ ሳይወርድ "ምነው ከሳሽ?"። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ "ለመሆኑ ሰው አላገኘሽም?"

(ጥያቄውን የምታውቁት ሴቶች እጅ አውጡ!)

ዘንድሮ ግን ወሰንኩ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን ልተኛ። ነጭ አንሶላ። የሻወር ጋዋን። ጸጥታ!

የቅናሽ ሆቴል የሚፈልግ አፕ አለ አይደል? ከፈትኩት። ግማሽ ዋጋ! ቁርስ ጭምር! ፎቶው ላይ ባልኮኒ አለ፣ ከባልኮኒው ማዶ የፋሲል ግንብ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ አለ። "አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል!" ሲለኝ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ተጣድፌ ተጫንኩት።

የቀረው እትዬ እናኑን ማስረዳት ነበር። አላስረዳኋቸውም።

ዋሸኋቸው።

"ስልጠናው ደባርቅ ነው እትዬ፣ ከኤርፖርት በቀጥታ በመኪና ይወስዱናል። ስመለስ እመጣለሁ" አልኳቸው።

አገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አክስት ባለችበት ከተማ ሆቴል ማደር ማለት "ቤትሽ አይገባም፣ እንጀራሽ አይበላም" ብሎ በአደባባይ ማወጅ ነው። በዚህ የተነሳ ለዓመታት የተኳረፉ ዘመዶች አውቃለሁ። እትዬ እናኑ ደግሞ፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ደውለው "አለሁልሽ" የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ከማስቀየም ብሞት ይሻለኛል።

አንሶላውንም እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

ከኤርፖርት ወደ ከተማ የሚያስገባው መንገድ በአዘዞ ነው። ታክሲው በእትዬ አረንጓዴ በር ሲያልፍ ወደ ጉልበቴ ድፍት አልኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ "ምነው እህቴ፣ ሊያስመልስሽ ነው?" አለና ፌስታል አቀበለኝ። ምን ልበለው? ፌስታሉን አፌ ላይ ይዤ ጎንደር ገባሁ።

ሆቴሉ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ሪሴፕሽን ላይ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ተነስቶ ተቀበለኝ። "እንኳን ደህና መጡ። መታወቂያዎን ይፈቅዱልኛል?" ትሕትና እንዴት ደስ ይላል!

ስሜን አነበበ። የአባቴን ስም አነበበ። የአያቴ ስም ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

"እንዳላማው? የትኛው እንዳላማው?"

"እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ አላውቅም" ማለት ነበረብኝ። ግን ጎንደር ላይ የማን ልጅ እንደሆንሽ ተጠይቀሽ አላውቅም ይባላል? አፌ ቀደመኝ። "የጃናሞራው!" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

"ታዲያ ለእትዬ እናኑ ምናቸው ነሽ?"

አያችሁልኝ? በአንድ አያት ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" ወረድኩ።

"የወንድም ልጅ" አልኩ ድምፄን ቀነስ አድርጌ። "ግን እባክህ እንዳትነግራቸው። በኋላ ራሴ እደውላለሁ።"

"ኧረ እኔ ምን ቤት ነኝ!" አለና ቁልፉን ሰጠኝ።

ክፍሉ ውስጥ ባልኮኒ አለ። ከባልኮኒው ማዶ ያለው ግን ግንብ አይደለም፣ የውሃ ታንከር ነው። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ፀሐዩን የጋረደ ታንከር! ባዶ ሳይሆን አይቀርም፣ ሻወሩን ስከፍተው ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ጋዋኑ የሕፃን ልክ ነው። ዋይፋዩ ኮሪደሩ ላይ እሳት ማጥፊያው ሥር ከቆማችሁ ይሠራል። አበባው አለ። ፕላስቲክ ነው፣ ግን አለ።

ሪሴፕሽን ደወልኩ። "ውሃው ይመጣል" ተባልኩ። እሳት ማጥፊያው ሥር ሄጄ አፑ ላይ ቅሬታ ጻፍኩ። "አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው" የሚል መልስ በሰከንድ መጣ። ውሃው ግን አልመጣም።

ምን ቸገረኝ? አንሶላው ነጭ ነው፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። ጋዋኗን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ አልጋው መሃል ተዘረጋሁ። እንደ ንግሥት! ሸለብ አደረገኝ።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ እናኑ!

"ደረስሽ ልጀ?"

"ደረስኩ እትዬ።"

"ደባርቅ እንዴት ነው?"

"ኧረ ብርዱ አይጣል ነው! ጥርሴ ለጥርሴ እየተጋጨ ነው!"

"ውይ ልጀን! በይ በሩን ክፈችና ጋቢውን ተቀበይኝ።"

ድምፃቸው ከስልኩም ከበሩም መጣ።

መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ተመኘሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ!

ከፈትኩ። እትዬ እናኑ በነጭ ነጠላ፣ በአንድ እጃቸው ጋቢ፣ በሌላው ድፎ ዳቦ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ባለክራቫቱ ጫማውን እያየ፣ "እናቴ ሆስፒታል ስትተኛ እሳቸው ቤት ነው የከረምኩ። ሳልነግራቸው ብቀር ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አለኝ።

ቁጣ ጠበቅሁ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እትዬ ገቡ፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ዓይናቸው አልጋው ላይ ቀረ።

"ቤቴ ጠበበሽ?" አሉ ቀስ ብለው።

ይኼኔ እንባዬ መጣ። ውሸት አልቆብኝ ስለነበር የቀረኝን እውነቱን ተናገርኩ። "እትዬ ይሙቱ፣ እርስዎን ንቄ አይደለም። አንዴ እንኳ ብቻዬን መተኛት አማረኝ። አሳፍሬዎት ከሆነ አሁኑኑ ሻንጣዬን ላንሳ።"

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ብቻሽን? ማንም ሳይጠራሽ?"

"ማንም ሳይጠራኝ።"

"እኔኮ ልጀ፣ ከተዳርኩ ወዲህ 'እናኑ' ሳልባል ነግቶልኝ አያውቅም" አሉ። እያማረሩ አልነበረም፣ አሁን ገና ትዝ ያላቸው ይመስላሉ። ልቤ ስፍስፍ አለ።

ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ነጠላቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጡ ገባኝ።

"በይ አንች ወደ ቤት ሂጅ። ከመካነ ብርሃን እንግዶች መጥተዋል። ወጡ ተሠርቷል፣ ማቅረብ ብቻ ነው። አያ ደሴ ጨው አይበሉም፣ የሳቸው በትንሿ ድስት ነው።"

ወደ ባለክራቫቱ ዞሩ። "ምነው ልጀ፣ ውሃ የለም እንዴ?"

ውሃው መጣ! ሙቅ!

"ይኼስ ምንድን ነው ፊት ለፊቴ የተገተረው?" አሉ ታንከሩን እያዩ። ሰውዬው ሌላ ቁልፍ ሊያመጣ ሮጠ።

ለካ የፎቶው ክፍል እውነት አለ! ጥግ ላይ ነው፣ አንድ ብቻ ነው። ባልኮኒው፣ ግንቡ፣ ነፍስ ያለው አበባ፣ ልክ የሆነ ጋዋን። እትዬ ባልኮኒው ላይ ወጥተው ብዙ ቆዩ። "ስንት ዘመን በሥሩ ገበያ ተመላልሸ፣ ከላይ ሳየው ገና ዛሬ ነው። ሸጋ ነው" አሉ። የእኔን ሻንጣ ግን ራሳቸው ወደ በሩ ገፉት።

ይኸውላችሁ፣ ይህን የምጽፈው አዘዞ፣ ፍራሹ ላይ ሆኜ ነው። እንግዶቹን እጅ አስታጥቤ፣ ራት አቅርቤ፣ "ብሉልኝ በሞቴ" ብዬ ለምኜ ጨርሻለሁ። ያቺን ስሟን የማላውቃትን ዘመዴን ዛሬ ጠየቅኳት፣ ትርንጎ ትባላለች፣ አጠገቤ ናት። አያ ደሴ ጨው አልባ ወጣቸውን ጨርሰው አመሰገኑኝና፣ "ለመሆኑ ሰው አላገኘሽም?" አሉኝ።

አሁን ደግሞ አፑ መልእክት ልኮልኛል። "ክፍልዎ ተመቸዎት? ኮከብ ይስጡን!"

እኔ ምን አውቄ! ያረፉበትን ልጠይቅ ብዬ እትዬ ጋ ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። አልተነሳም። ስልካቸው አንዴ ጠርቶ "አቤት" የሚሉት፣ ቅዳሴ ላይ ካልሆኑ በቀር ደውዬ ያላጣኋቸው እትዬ እናኑ አላነሱም!

አምስት ኮከብ ሰጠሁ። አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ "አክስቴ ተኝተዋል" ብዬ ጻፍኩ።

ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ክፍሉ የተያዘው ለሳምንት ነው፣ ቁርስ ጭምር። ነገ ይመለሱ ይመስላችኋል?