አረጋውያን ማኅበር ውስጥ ሽማግሌ ፍለጋ

መጣህ? በሩን ዝጋው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሆነ ሳይጋበዝ ነው የሚገባው። እስክሪብቶ ካለህ አቀብለኝ። የኔው ቀለሙን ጨርሶ ወረቀቱን እየቧጨረ ነው። ፎርም እየሞላሁ ነው። የአረጋውያን ማኅበር የአባልነት ፎርም። አትሳቅ፣ የአባቴ ነው። ቁጭ በል፣ ልንገርህና ትፈርዳለህ።

አባቴን ታውቃቸው የለም እንዴ? ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንኮበር ቁልቁለት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ደጃችን ያለው ድንጋይ ላይ ፍሬን ያዙ። እናቴ ካረፈች ወዲህማ ጭራሽ ሞተሩም ጠፋ። ጠዋት ይወጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። ፀሐይዋ ስትዞር እሳቸውም ይዞራሉ። አብረዋቸው የነዱት ሰዎች አንድ በአንድ አልቀዋል። እኔ? እኔ የቤት ደላላ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ቤት ስፈልግ እውላለሁ፤ ቤት ግን አልገኝም።

በቀደም ጋሽ ተፈራ የሚባሉ የማኅበሩ ሰው መጥተው ከድንጋዩ ጎን ቆሙ። ካርድ እንሰጥዎታለን፣ ጤና ጣቢያ ያለ ወረፋ ይታከማሉ፣ ጉብኝት እንወስድዎታለን፣ ከእኩያዎ ጋር ይጫወታሉ አሏቸው። አባቴ ካርዱንም ጉብኝቱንም እንዳልሰሙ ሆኑ። «እኩያ» ሲባል ግን ጆሯቸው ቆመ። ማታ ጠሩኝና፣ አንተ ለሰው ስትዋሽ ነው የምትውለው፣ ሂድና ይዋሹ እንደሆነ እይልኝ አሉኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ አልጠየቅሁም።

እውነታቸውን ነው ግን። ከትምህርት ቤት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ በማስታወቂያ ቋንቋ ግን ዶክተር ነኝ። ደላላ «ፀሐይ የሚገባበት ቤት» ካለህ ጣሪያው ቀዳዳ ነው። «ጸጥ ያለ ሰፈር» ካለህ ባጃጅ አይደርስበትም። ታዲያ እኔን ካርድ ያታልለኛል?

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሁለት ሰልፍ አለ፤ ባለካርድና ካርድ የሌለው። ካርድ የሌለው አራት ሰው ነው። የባለካርዶቹ ሰልፍ ግቢውን ዞሮ በበሩ ወጥቷል። አንዱን ሽማግሌ፣ አባት፣ በዚያኛው ቢሰለፉ ቶሎ ይደርስዎታል ብላቸው፣ ካርዳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ያለ ወረፋ የመታከም መብቴንማ ለማንም አልለቅም አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይኸው ነው።

ጉብኝቱንስ ብዬ እዚያው ሰልፉ ላይ አጣራሁ። አንኮበር ነው የወሰዷቸው፤ የጥንቱ ቤተ መንግሥት የነበረበት ጉብታ ላይ። አየህልኝ? ይህ ሁሉ ሜዳ እያለ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ዳገት! ሽማግሎቹ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ኮሚቴው ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ ወረደ። አንዲት እናት፣ ምን ላድርግ ልጄ፣ ከታች ሆኜ ተሳለምኩት አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ነበር።

የቀረው እኩያው ነው። እሑድ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባቸው ላይ ገባሁ። ስገባ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ወጣት ነው የሞላው! አንዱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ሌላው ጡጦ ይዞ ልጁን ያባብላል። ሊቀመንበሩ የኔ እኩያ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ «እኛ አረጋውያን» ብሎ ሲጀምር ማንም አልሳቀም።

ነገሩን ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ አስረዳኝ። በጽዋ ማኅበር አባት ሲሞት ልጁ ተተክቶ ጽዋውን ይቀበል የለ? ዕድርም እንደዚያው ነው። የዚህ ማኅበር መሥራቾች ሌላ ዓይነት ማኅበር አያውቁምና፣ የዕድራቸውን ደንብ ወስደው «ዕድር» የሚለውን እየሰረዙ «አረጋውያን» እያሉ ገለበጡት። አባል ሲሞት ልጁ ይተካል። እንግዲህ አስበው። የአረጋውያን ማኅበር ነው፤ አባሉ መሞቱ አይቀርም። የዕለቱ አጀንዳ ምን ነበር በለኝ። ማልያ። የአረጋውያኑ እግር ኳስ ቡድን የቀበሌውን ዋንጫ በልቶ ነበርና። ለምን አይበላ?

ሽማግሌ ፍለጋ ዓይኔን አዞርኩ። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰባት ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወሬያቸውን ይጠርቃሉ። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ «አባቶች፣ ስብሰባ ላይ ነን» አላቸው። ማን ሰምቶት!

ተመልሼ ለአባቴ ዘረገፍኩላቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፣ የእርስዎን ደጃፍ ግን እኔ እጠብቃለሁ፣ ይቅርብዎ አልኳቸው። ስለ ሰልፉ ስነግራቸው ሳቁ። ስለ አንኮበሩ ስነግራቸው ያንን ዳገት ረግመው ሳቁ። ስለ ሽማግሎቹ ስነግራቸው ግን አልሳቁም።

«ስንት አልክ?»

ሰባት ብቻ፣ እነሱም ስብሰባውን አይሰሙ፣ ሲያወሩ ነው የዋሉት አልኳቸው። ለማስጠላት ነበር።

«ምን ያወራሉ?»

እኔ እንጃ፣ ስለ አንድ በቅሎ ይከራከሩ ነበር አልኩ። አባቴ ከድንጋዩ ግራና ቀኝ አዩ። ማንም የለም።

«ፎርሙን አምጣ» አሉ።

አመጣሁ። መጨረሻው ላይ «ተተኪ» የሚል መስመር አለ። ስምህን ጻፍበት አሉኝ። ኧረ አባባ፣ ሚስት እንኳ ሳላገባ አረጋዊ ልሁን? እነዚያ ልጆች እኮ መሳቂያ ናቸው፣ ከነሱ ሊደምሩኝ ነው? ብዬ ተንጨረጨርኩ። አስጨርሰውኝ ሲያበቁ፣ መሪ እንደያዘ ሰው ቀና ብለው አዩኝ።

«እነዚያ የአባታቸው ቦታ ትዝ ያላቸው አባታቸው ከሞተ በኋላ ነው። አንተ ከአሁኑ እየመጣህ ተለማመድ።»