ጎርፍ የመጣ ቀን የተሳልነው በግ

የመንዝ ሰው ሲደሰት በግ ያርዳል፤ እንግዳ ሲመጣበት በግ ያርዳል፤ ጾም ሲፈታ በግ ያርዳል። ሲጨንቀው ግን አያርድም... ሲጨንቀው ይሳላል! ስለዚህ በእኛ አገር ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ከሰው ይልቅ መጨነቅ ያለበት በጉ ነው። ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በዚህ ነሐሴ በገዛ አልጋዬ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ ነው። ወደ አልጋው እመጣለሁ፤ አትቸኩሉ።

እኔ የሞላሌ ልጅ ነኝ፤ ወደ ዘመሮ ገጠር ያመጣኝ ትዳር ነው። ግቢያችን ተዳፋት ላይ ነው፦ ከላይ ቤቱ፣ ዝቅ ብሎ የበጎቹ ጋጣ፣ ከጋጣው ሥር ደግሞ በበጋ ለዶሮ እንኳ የማይበቃ ጅረት። አማቴ እማማ አስካለ ገና ሰኔ ሲገባ ጀምረው ባለቤቴን ታደለን ከጋጣው በላይ ቦይ እንዲምስ ይወተውቱት ነበር፤ የዘንድሮ ክረምት አያያዙ አላማራቸውም። ታደለ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ ነገ። የታደለን ነገ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሽማግሌ ልኮ እስኪያገባኝ ድረስ ሁለት ክረምት አልፏል።

የመንጋችን አውራ ሻለቃ ይባላል። ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ላቱ የከበደ፣ አካሄዱ ኩራት ኩራት የሚለው በግ ነው። በአካባቢው ደህና ግልገል ከተወለደ አባቱ እሱ ነው። ታደለ እኔን በሰው ፊት ሲያሞግስ ሰምቼ አላውቅም፤ ሻለቃን ግን መሐል ሜዳ ገበያ ድረስ ሄዶ ያሞግሳል። ቅናት አይደለም... እንዲያው ነገሩን ለማለት ያህል ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛው ግን ለሣቅ ጊዜም አልሰጠን። ከተራራው የወረደው ጎርፍ ቦይ ቢያጣ ራሱ መንገድ አወጣና ቀጥ ብሎ ጋጣው ውስጥ ገባ፤ ከታች ደግሞ ጅረቱ ሞልቶ ወደ ላይ ይመጣል። እኔና ታደለ ሮጠን ስንደርስ በጎቹ ጥግ ላይ ተፋፍገው ቆመዋል። ሻለቃ በሩ ላይ ተገትሮ ጎርፉን ያያል። በግን ታውቁት የለ፤ አውራው ካልወጣ አንዷም አትወጣም።

ታደለ ቀንዱን ይዞ ጎተተ፤ እኔ ከኋላ ገፋሁ። የረጠበ የመንዝ በግ ገፍታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ሁሉ ጠጉር ውሃውን ጠጥቶ፣ ክብደቱ የድንጋይ ካብ ሆኗል። ውሃው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ። ገብሱን በረዶው አጭዶታል፤ በጎቹ ከሄዱ ምን ቀረን? በልቤ የልጅነቴን ደብር ቅዱስ ሚካኤልን ጠራሁና መንጋውን አውጣልኝ፣ ይሄን የምገፋውን ሻለቃን ይዤልህ እመጣለሁ አልኩት። ሌላ በግ ጠፍቶ ነው ወይ አትበሉኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ በእጄ የነበረው እሱ ነበር።

ይሄኔ አማቴ በቤቱ ደጃፍ ብቅ አሉ። ገብስ በሰፌድ ይዘዋል። አንዴ አንሿሹት። ሻለቃ ያን ድምፅ ሲሰማ ጎርፉም ታደለም ከምንም አልቆጠራቸውም፤ ታደለን አጋድሞ፣ በላዩ ተራምዶ ወደ ቤት በረረ። መንጋው በሙሉ ተከተለ፤ በባለቤቴ ጀርባ ላይ ያላለፈ በግ ያለ አይመስለኝም። ሁሉም ቤት ገቡ። ሻለቃ ግን ወለል አይመጥነኝም ብሎ አልጋዬ ላይ ወጣ፤ ከነጭቃው አዲሱ የባና ብርድ ልብሴ ላይ ተኛበት። የዘመዶቹ ጠጉር ስለሆነ መብቴ ነው ያለ ይመስለኛል።

ቆጠርናቸው፤ አንድም አልጎደለም። አማቴ እልል አሉ።

በማግሥቱ ሰማዩ ተገለጠና ታደለ አካፋ ይዞ ቦይ ሊምስ ተነሣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሊወጣ ሲል አማቴ ጠሩትና፣ ሻለቃን ለኪዳነ ምሕረት ስለተሳሉት ለንግሧ ይዞላቸው እንዲሄድ ነገሩት። ታደለ አካፋውን አስቀመጠ። ፊቱ ጠቆረ። ለካ እሱም ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተስሎት ኖሯል፤ ያውም በጉ በላዩ ላይ ሲሄድ። እኔ ደግሞ ሰሃኔን ይዤ ወደ ጓዳ ልሹለክ ስል አማቴ አዩኝ።

«አንቺስ?»

«ሚካኤል» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኛ ስለት ከአፍም ሳይወጣ ነው አፋፍ የደረሰው። አንድ በግ፣ ሦስት ታቦት! አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ፈርቼ ነበር። በስለት አይቀለድም። አንዱን ደስ አሰኝቶ ሁለቱን ማስቀየም አለ። ደግሞ ሻለቃ ከሄደ የከርሞ ግልገል ከየት ይመጣል? ታደለ ቀድሞ የተሳለ ይቅደም አለና ውሃው የት እንደደረሰ እያነሣን እንከራከር ጀመር። እኔ ጉልበቴ ላይ ነበር አልኩ፤ እሱ አፉ ውስጥ ነበር አለ። አማቴ ሁለታችንንም ዝም አሰኙን።

«እኔ የተሳልኩት ሰኔ ላይ ነው» አሉ። «ቦዩን እንደማትምሰው አውቄ።»

ክርክሩን የነፍስ አባታችን መምሬ ደጀኔ እንዲፈቱልን ተስማማን። ታደለ ትንሽ አመነታ፤ መምሬ የኪዳነ ምሕረት ካህን ስለሆኑ ለደብራቸው እንዳያዳሉ ሰጋ። ሌላም ነገር አለ። መምሬ በሪቢ የሰጡን፣ እኛ አርብተን ግልገሏን የምንካፈላት አንዲት በግ መንጋችን ውስጥ አለቻቸው። ቤታቸውም ከጅረቱ ማዶ፣ ከጋጣችን ፊት ለፊት ነው።

ቤታችን መጥተው ሁሉንም በጥሞና ሰሙን። ከዚያ መስቀላቸውን በእጃቸው ያገላብጡ ጀመር። ሊቆጡን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ያን ቀን እኔም ከማዶ ቆሜ አያችሁ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጅረቱ አላሻግር አለኝ። የኔም በግ እዚያው ናት... ጨነቀኝ።»

«እና?» አሉ አማቴ።

«ሻለቃን ለአቡዬ ተስያለሁ።»

ታደለ ብድግ አለ።

«የእኛን በግ፣ መምሬ?»

«ከማዶ ጎልቶ የታየኝ እሱ ነበራ» አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው።

ቀድመው የሳቁት አማቴ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ እኛም መቻል አቃተን፤ በመጨረሻ መምሬም ሳቁ። ሲረጋጉ ፍርዳቸውን ሰጡ። የሰው በግ በመሳላቸው ለራሳቸው ስግደት ፈረዱ። ለእኛም ሳትነጋገሩ ስለተሳላችሁ ብለው ከስግደቱ አካፈሉን። ሻለቃ ግን ከቤት አይወጣም፤ ከእሱ ከሚወለዱት ወንድ ግልገሎች ለየታቦቱ አንዳንድ ይሰጥ፣ የአቡዬ ደግሞ ከእሳቸው በግ ይውጣ አሉ። ፈራሁ ያልኳችሁ ሁሉ ያን ጊዜ ከላዬ ወረደ።

ይኸው ሻለቃ አሁን የአራት ታቦት ሥራ አለበት ተብሎ ገብስ ተጨምሮለታል። አንድ ሰው ብቻ ተስሎት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሄዷል። ስለዚህ የምትሳሱለት በግ ካላችሁ ምክሬን ስሙኝ፤ ሰማዩ ሲጠቁር ብቻችሁን አትሳሉት፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጥሩ።