የአያ ማሩ የወርቅ ጥርስ በጧፍ ሰም እንደ ጸና

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለአያ ማሩ። በዘመነ ማርቆስ፣ በ፲፱፻፸፬ ዓመተ ምሕረት፣ አብዮቱ በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፣ ስኳር በቀበሌ ካርድ በሚታደልበት ወራት፣ የወርቁ ሽፋን በአያ ማሩ የላይኛው የፊት ጥርስ ላይ በነገሠ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር በስድስተኛው ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ የቁስቋም ማርያም በዓል ሆኖ ከበሮው ቁልቁል እስከ ቤታቸው እየተሰማ ሳለ የሆነው ነገር ይህ ነው።

እኒህ አያ ማሩ፣ የጎንደርን የውኃ ቆጣሪ ሠላሳ ዓመት ሲያነቡ የኖሩ፣ የየደጁ ውሻ በኮቴያቸው የሚለያቸው፣ ቆሎ አይተው ማለፍ ያልተሰጣቸው፣ በዚያች ጧት ባለቤታቸው እመት ሐረገወይን «ዛሬ እንግዳ አለብን፣ ቆሎውን ይተዉት!» ብለው ሦስት ጊዜ አውጀው ሳለ፣ ጓዳ ገብተው አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ዘገኑ። ወእምዝ አንዲት ክፉ ሽምብራ ዐመፀች፤ ወርቁም ከስፍራው ወረደ። እመት ሐረገወይን ቶሎ የሚደነግጡ ናቸውና ዋጡት ብለው ጀርባቸውን ደበደቡ፣ ማርያም ማርያም አሉ፣ ውኃ አምጡ ውኃ አታምጡ አሉ። አያ ማሩ ግን መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሽፋኑ በመካከሉ እያበራ ተቀምጧል።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሎች ከትክል ድንጋይ የአያ ማሩን የልጅ ልጅ ወይንሸትን በዚያው ለሚያስተምረው ለመምህር ምናለ ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ወላጆቿ በሕይወት የሉምና መልስ ሰጪው አያቷ ናቸው፤ የሽማግሎቹም የይለፍ ወረቀት ለአንዲት ቀን ብቻ ነውና ያለ መልስ ቢመለሱ ሌላ ወረቀት መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። ወይንሸት ልጁን እንደምትወደው እመት ሐረገወይን ከትራሷ እርጥበት ዐውቀዋል። እሳቸውም አልጠሉትም፤ የፈሩት የነርስነት ትምህርቷን አስጥለው ያለ ይለፍ በማይታለፈው በዚያ መንገድ ይዘዋት እንዳይሄዱ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ደግሞ ሰኞ እንጂ እሑድ አይገኝም።

ወእምዝ እመት ሐረገወይን በጓዳው ደጃፍ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፤ «በዚህ ቤት ያለህ ሁሉ ስማ! ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው አስማረ ሰምቶ የላከውን ማስቲሽ ወደ ሰው አፍ ያቀረበ ወዮለት! ጫማ ናቸው እንዴ ሰውዬው? ውኃ በጨው ይፍላ፣ ይቀዝቅዝም!» ሽፋኑን አጠቡ፣ ጥርሱን በጥጥ አደረቁ። ሰም ግን ከየት ይምጣ? በቤቱ ያለው ለቁስቋም የተሳሉት ጧፍ ብቻ ነበር። ከእሱም ጥቂት ቆነጠሩ፤ ሁለተኛውንም አዋጅ ወደ ሰማይ አወጁ፤ «እመቤቴ፣ የሽምብራ ታህል ብቻ ነው የቆነጠርሁት! በአንዱ ፈንታ ሁለት አመጣልሻለሁ! አንቺም እናት ነሽ፣ የልጅ ነገር ታውቂያለሽ!» ሰሟን በጣታቸው አላልተው፣ ሽፋኑ ውስጥ ቀብተው፣ ሽፋኑን ወደ መንበሩ መለሱት፤ አያ ማሩም የነጠላ ጫፍ ነክሰው አቡነ ዘበሰማያት አሥር ጊዜ እስኪደገም እንደ ሐውልት ተቀመጡ። ሦስተኛው አዋጅ ለእሳቸው ነበር፤ «አንቱ ሰው! ትኩስ እንዳይቀምሱ፣ ሰሙ ይቀልጣል! እንዳይስቁ! እንዳያስነጥስዎ! ከንግግርም ያጠረውን!»

ወእምዝ ሽማግሎቹ መጡ፤ በፊት በትራቸው ከራሳቸው የሚረዝመው አያ አለነ፣ ቀጥሎ ጋቢያቸው ገና ከሣጥን የወጣ አያ ቢያዝን፣ ኋላም በሳላቸው የሚታወቁት ሦስተኛው። እንደ ወጉ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አያ አለነም «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል!» ሲሉ አወጁ። አያ ማሩ ሰሙ እንዳይለቅ ፈርተው ከንፈራቸውን ገጥመው ራሳቸውን ዝቅ ከማድረግ በቀር ቃል አላወጡም። ሽማግሎቹ ተያዩ፤ ዝምታው ገና ምን ትጨምራላችሁ የሚል መሰላቸው። «ትምህርቷንም ትጨርሳለች!» ብለው አከሉ። ዝም። «ስትጨርስም እዚሁ ጎንደር ትሥራ፣ ምናለ ዝውውር ይጠይቃል!» አሁንም ዝም።

እመት ሐረገወይን ከመጋረጃው ኋላ ሆነው የመጀመሪያውን ጭማሪ ሲሰሙ ፈገግ አሉ፤ ሁለተኛውን ሲሰሙ እልል እንዳይሉ አፋቸውን በነጠላ ያዙ፤ ሦስተኛው ዝምታ ሲመጣ ግን መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አጮለቁ። አያ አለነ ፀሐዩን አይተው በትራቸውን አነሡና «ፈቃዳችሁ ካልሆነማ ማኪናው ሳያመልጠን እንሂድ!» አሉ። ከመጋረጃው ኋላ አብራ የቆመችው ወይንሸት የእመት ሐረገወይንን ክንድ ጨበጠች። ያን ጊዜ እመት ሐረገወይን፣ ከጧት ጀምሮ ያችን ጥርስ እንደ እንቁላል ሲጠብቁ የዋሉት፣ ወጉን ጥሰው በመጋረጃው ውስጥ አራተኛውን አዋጅ አሰሙ፤ «ይውደቅ ተዉት! ይናገሩ!»

ምን እንደሚወድቅ ሽማግሎቹ አላወቁም። አያ ማሩ ግን ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱ፤ «ሰጥተናል!» አሉ። ሰሙም ያዘ።

እልልታው ቀለጠ፤ ሽማግሎቹ ተቀመጡ፤ ዶሮው እየተንተከተከ ቀረበ። አያ አለነም ከደስታቸው ብዛት ጭብጥ የምታህል ትኩስ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አያ ማሩ ዘረጉ፤ ይህን እንቢ ማለት ልጅቱን እንደ መንሳት ነው። እመት ሐረገወይን ዐይናቸውን ጨፈኑ። አያ ማሩ ጎረሱ። ሰሙ ቀለጠ፣ ወርቁ ዳግም ወረደ፤ ጀግናው ግን በምላሳቸው ማርከው በጉንጫቸው አሰሩት፣ እንግዶቹም እስኪሸኙ ድረስ እጅ ከመንሣት በቀር ትንፍሽ አላሉም። ማኪናው ከዐይን ሲሰወር ሽፋኑን በእመት ሐረገወይን መዳፍ ላይ ተፉት። በትክል ድንጋይ ግን «ሸጋ ሰው ነው፣ አንዲት ቃል ሰጥቶ ሁለተኛ የማይጨምር» ተብሎ ተነገረ።

ሰኞ ሐኪሙ ሽፋኑን በወጉ አጸናው፤ ማክሰኞ ሁለት ጧፍ ቁስቋም ደረሰ። በጥርም ሠርጉ ሆኖ አያ ማሩ ወርቃቸው እስኪያበራ ቢስቁ፣ አያ አለነ ደንግጠው ብርሌያቸውን አስቀመጡ፤ እኒያ ሰው ይስቃሉ ብለው አስበው አያውቁምና።

ይክበሩ አያ ማሩ፣ ጽኑዐ ከንፈር፣ ማራኬ ወርቅ፣ ጉርሻ የማያስበረግጋቸው! ሽፋኑም በአፋቸው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይንገሥ! ቆሎው በሣጥን ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉም ከእመት ሐረገወይን ማተብ ጋር ታስሯል።