ለራሴ ለቅሶ የደረስኩ ዕለት

ከሰው ሁሉ የሚመቸው ማን ነው ብትሉኝ፣ የሞተ ሰው ነው እላችኋለሁ። ቀምሼው ነው የምናገረው። የሞተ ሰው አይርበውም፣ የቤት ኪራይ አያስጨንቀውም፣ ቀበሌ ሄዶ አይሰለፍም። በሕይወት ሳለ «ይሄ ግንባሩ የማይፈታ» ሲሉት የኖሩ ሁሉ፣ አፈር ሲለብስ «ጨዋ ነበር፣ ቁም ነገረኛ ነበር» ይሉለታል። እኛ አገር ሰው ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ከተቀበረ በኋላ ነው። አስቀድሞ ቢታወቅ ምን ችግር እንደሚመጣ አላውቅም፤ አንድ ችግር ባይኖርማ እንዲህ አንጠነቀቅም ነበር።

እኔ ወሬ አልወድም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ እኔ ደጃዝማችነቱ ቀርቶ የቀበሌ መታወቂያም ቀርቶብኛል። ፊደልም አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እኔ እየተናገርኩ ሰው ነው የጻፈልኝ። ስለዚህ ቢያጥርባችሁ የኔ ጥፋት ነው፣ ቢረዝምባችሁ የጸሐፊው።

ስሜ በላቸው ተሰማ ነው። አገሬ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ቡና የሚበቅልበት። አባቴ እዚያው ተወልዶ እዚያው ተቀብሯል። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ካርታ መጣ ተባለ። ካርታውን እኔ አላየሁትም፤ ያየው ሰው ግን «አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም» አለኝ። «የአባቴ መቃብርስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ስለ መቃብር ካርታው አያነሳም።

ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ አልሰማንም የሚሉም ሰምተዋል። ጎረቤቴ አብዱ፣ በካርታው የአገሩ ሰው እሱ ነው፣ እኔንና የልጅ ልጄን የሺን ጭዱ ውስጥ ደበቀን። ሦስት ቀን። በሦስተኛው ቀን አህያ ላይ ጭኖ፣ ከላይ ቄጠማ አልብሶ፣ ከመኪና መንገድ አደረሰን። ልጄ ግርማ፣ የየሺ አባት፣ በር ላይ ቀረ። ሊገድሉን የመጡትን ሰዎች በር ላይ ባያቆማቸው ኖሮ እኔና የሺ ጓሮውን አንሻገርም ነበር። ቤቱም ከነዕቃው ከእሱ ጋር ሄደ።

በማግስቱ ሬዲዮው «በአካባቢው ጥቃቅን ግጭቶች ተከስተው ወዲያው በቁጥጥር ሥር ውለዋል» አለ። እኛ በመጣንበት መንገድ ላይ ቁጥጥሩን አላገኘነውም። ምናልባት በሌላ መንገድ አልፎ ይሆናል።

የጭነት መኪናው ላምበረት አራገፈን። ጥቂት ቀን እዚያ ካደርን በኋላ የአገሬ ልጅ አንዱ ቦሌ ውስጥ የጅምር ቤት ዘበኝነት አገኘልኝ። ጅምር ቤት ታውቃላችሁ፤ ቦሌ ሙሉ ነው። ምሰሶ ቆሞለታል፣ ደረጃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ግን ሰማይ ነው። እኔና የሺ ከሲሚንቶው አጠገብ በቆርቆሮ ጎጆ ገባን።

የሺ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷን በወሊድ ነው ያጣችው። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተጻፈውን በከሰል ስትገለብጥ አይቼ፣ ይህችን ልጅ ትምህርት ቤት ሳላስገባ ብሞት አይሆንልኝም አልኩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄድኩ። የአሳዳጊ መታወቂያ አምጡ አሉኝ። መታወቂያ ፍለጋ ቀበሌ ሄድኩ።

«መሸኛ ያምጡ፣ አባት» አለኝ ጸሐፊው።

«ከየት?»

«ከመጡበት ቀበሌ ነዋ።»

«የመጣሁበት ቀበሌ ሊቀመንበር ነው ቆንጨራ ይዞ ያባረረኝ።»

ልጁ ክፉ አይደለም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አሰበልኝ። «ታዲያ» አለ፣ «መሸኘታቸው ካልቀረ፣ በጽሑፍ ቢያደርጉልዎት ምን ነበረበት?»

እኔም ሳስበው ልክ ነው። በጊዜው ሳልጠይቅ ቀረሁ።

እንዲህ ስመላለስ ነው መሞቴን የሰማሁት። ላምበረት ላይ አንድ የአገሬ ሰው አይቶኝ ሦስት ጊዜ አማተበ። «በላቸው! አንተ ሰው፣ አሜሪካን አገር እኮ አርባህ ወጣ!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተን የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ፣ ሳሙኤል። የኛ ወሬ በስልክ ሲደርሰው «የነበላቸው ቤት ተቃጠለ፣ ሰውዬው በሩ ላይ ተገደለ» ተባለ። ሰውዬው ማን? ሳሙኤል አገር የለቀቀ ጊዜ ግርማ ገና ጎረምሳ ነው፤ የቤቱ ሰውዬ እኔ ነበርኩ። አለቀ። ሦስት ቀን መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የሰውን ለቅሶ ማናናቅ አልወድም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ እሱም ከአንጀቱ ነው ያለቀሰው። በበረዶ ሰልፍ ወጡ። ከፊት የኔን ፎቶ ይዘው። ፎቶውን የእህቴ ሠርግ ላይ ነው የተነሳሁት፣ ጠጅ ይዤ ስስቅ። የሚስቅ ሰማዕት አይሆንም ብለው ሠዓሊ አፌን እንዲዘጋው አደረጉ። ጠጁንም ወሰዱብኝ።

ያም ሆኖ የአገሬ ሰው እዚያ ሁለት ኮሚቴ ነው ያለው። አንደኛው የተፈናቃዮች ረዳት ይባላል። ሁለተኛው እውነተኛው የተፈናቃዮች ረዳት ይባላል። እኛን ካርታ ለየን፣ እነሱን የሊቀመንበሩ ወንበር። የሳሙኤል የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ይህ ኮሚቴ የሟቾችን ስም አሳትሞ፣ ለፈረንጆቹም ሰጥቶ፣ ለሟች ልጆች ኦሎምፒያ አካባቢ ካለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ጋር ተዋውሏል አሉኝ። ትምህርት ቤቱ መታወቂያ አይጠይቅም። መሸኛ አይጠይቅም። በዝርዝሩ ያለ ሟች ልጅ መሆኗን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ምዝገባው ዓርብ ያልቃል። ልዑካኑ ከአሜሪካ መጥተዋል፣ ረቡዕ ከሰዓት እዚያው ቦሌ አዳራሽ ተከራይተው ሙታኑን ያስባሉ። ሳሙኤልም አለበት።

ልብሴን አጥቤ፣ የሺን ይዤ ሄድኩ።

ከበሩ ላይ በቁመቴ ልክ አድርገው ሰቅለውኛል። ጥቁር ጥብጣብ አለብኝ። በረኛው ክራቫት ያሰረ ወጣት ነው፣ ልክ ከሥሬ ነው የቆመው።

«አባት፣ ጥሪ አለዎት?»

«የለኝም።»

«የሟች ቤተሰብ ነዎት?»

«አዎ።»

«የማን?»

በጣቴ ወደ ላይ አሳየሁት።

ቀና ብሎ ፎቶውን አየ፣ ዝቅ ብሎ እኔን አየ። «ምን ይሆኑዎታል?»

«በጣም ቅርብ ነን።»

«ነፍስ ይማር፣ አባት» ብሎ አሳለፈኝ። አሜን አልኩ። ማን ይጠላል?

ውስጥ ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተባለና ተነሣን። እኔም ለራሴ ቆምኩ። የሺ እጄን ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች። ከዚያ ሳሙኤል ወጣ። ወፍሯል፣ ራሱ ተመልጧል። ድምፁ ግን የእናቱ ነው። «አጎቴ በላቸው» አለ፣ «ጭስ ሲያይ አልሸሸም። መጥረቢያ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ‹ከዚህ በር የምታልፉት በሬሳዬ ላይ ነው› አለ። ሕፃንና ሽማግሌ በጓሮ አስወጥቶ፣ እሱ በቆመበት ወደቀ።» ሰው ሁሉ አለቀሰ። ቪዲዮ የሚያነሳው ፈረንጅ ሳይቀር አፍንጫውን ጠረገ።

እኔ ያን ሰዓት የት ነበርኩ? ጭድ ውስጥ፤ እንዳላስነጥስ አፍንጫዬን ይዤ።

ሳሙኤል ግን አልዋሸም። መጥረቢያው ልክ ነው፣ ቃሉም ልክ ነው፣ ጓሮውም ልክ ነው። ሰውዬው ብቻ ነው ሌላ። ልጄን በአደባባይ ሲያመሰግኑት መስማቴ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስሙን ግን አንድም ሰው አልጠራውም።

ሲያልቅ ወደ ሳሙኤል ጠጋ ብዬ «ሳሚ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። አቅፎኝ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፣ እጄን ሳመ፣ ግንባሬን ሳመ፣ የሺን አንሥቶ ደረቱ ላይ አስጠጋ። ያ እንባ እውነተኛ ነበር። ግን እንባው ሳይደርቅ ግራ ቀኝ አየና «ጋሼ፣ እግዜር ያሳይዎት፣ ይቀመጡ፤ ሰው እንዳያይዎት» አለኝ።

ከጓዳ አስገቡኝ። የት እንደምኖር ጠየቁኝ፣ ጅምር ቤቱን ነገርኳቸው። ለስላሳ ከፈቱልኝ። የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ሰብለ መጣች፣ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ፈጣን ሴት። ሳሙኤል ሲነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እንኳን ተረፉ፣ አባባ» አለችኝ። ወደ ሳሙኤል ዞራ ደግሞ «ኧረ ጉዳችን ፈላ!» አለችው።

«ምን እናድርግ ታዲያ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አጎትህን አንተ ነህ የገደልካቸው!»

«በስልክ የነገሩኝን ነው!»

«ያኛው ኮሚቴ ይህን ቢሰማ ፋክስ እያደረገ አገር ያዳርሰዋል። ‹ከዝርዝሩ አንደኛው በቦሌ ለስላሳ ሲጠጣ ተገኘ› ይላሉ። መንግሥትስ? ‹ድሮስ የሞተ ሰው የለም አላልንም?› ይላል። ሌሎቹስ ሙታን ምን ይሆናሉ? በእውነት የሞቱት?»

ይህን ያለችው ያለ ነገር አይደለም። ወንድሟ ከዝርዝሩ አለ፤ እሱ በእርግጥም ሞቷል። ስለዚህ አልተቆጣኋትም። ለስላሳውን ለየሺ ሰጠኋት።

«እኔ የመጣሁት ለልጅቷ ነው» አልኩ። «የሺ ግርማ በላቸው። የግርማ ልጅ ናት፣ በሩ ላይ የወደቀው እሱ ነው። ትምህርት ቤት አስገቧት።»

ወይዘሮ ሰብለ መነጽሯን አድርጋ ዝርዝሩን አገላበጠች። «ግርማ የሚባል የለም፣ አባባ። የሞቱት እርስዎ ነዎት።»

«ቀላል ነው!» አለ ሳሙኤል ብድግ ብሎ። ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ልጅቷን የእርስዎ ልጅ እናድርጋት። የሺ በላቸው። የሟች ልጅ ትሆናለች፣ ዓርብ ትመዘገባለች። እርስዎ ብቻ እዚያ ጅምር ቤት ዝም ብለው ይቀመጡ። እርስዎ እንደሆን ድሮም ዝምተኛ ነዎት።»

ዝምተኛ መሆኔ እውነት ነው። መሞቱም አልከበደኝም፤ ለቅሶዬ ያማረ ነበር፣ ከእውነተኛው የሚበልጥ። ግን አስቡት። ልጅቷ በላቸው ብላ ከተመዘገበች ግርማ ከመካከል ይወድቃል። ሞቶም የለም፣ ኖሮም የለም፣ ወልዶም የለም። በሩ ላይ ሲቆም እንኳ እንዲህ አልጠፋም።

«ግርማስ?» አልኩ።

ሳሙኤል ጫማውን አየ፣ ወይዘሮ ሰብለ ወረቀቷን። ከአሜሪካ የመጣ ሰው ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እስቲ ያን ወረቀት አንብቢልኝ፣ ልጄ» አልኳት ወይዘሮ ሰብለን። «የኔን ብቻ።»

«በላቸው ተሰማ።»

«የልጄ ሙሉ ስሙ ግርማ በላቸው ተሰማ ነው። ከፊት አንዷን ብትጨምሩ ምን አለበት? የሚያትመው ሰው ዘለላት በሉ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋ ግን አልቆይ ብሏት አለቀሰች። ሳሙኤልም ነገሩ ዘግይቶ ገባውና ጠረጴዛውን መታ። «የወደቀ ስም አለ እንጂ የተነሣ ሰው የለም!» አለ። ይህችን አባባል ኋላ በየስብሰባው ይናገራታል አሉ፤ የራሱ አድርጓታል።

እዚያው ወረቀት ተጻፈ። ከአካባቢው የሆነ ሽማግሌ ይመስክር ተባለ። ጣቴን ሐምራዊ ቀለም ነክሬ፣ «የሟች አባት» ከተባለው ሥር አሳረፍኩ። ያኛው ኮሚቴ ምን አለ ትሉኝ ይሆናል። ዝም አለ። ዝርዝሩን ከነስህተቱ ገልብጦ በራሱ ስም አሳትሞት ነበርና፣ እርማቱንም አብሮ ገለበጠ።

የሺ ዓርብ ጠዋት ተመዘገበች። መምህሯ ስሟን ስትጠራ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። የሺ ግርማ አለቻት። አቤት አለች።

የኔ መታወቂያ አሁንም መሸኛ ይጠብቃል። የቀበሌው ልጅ ባየኝ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣልኛል፣ «አልመጣም እንዴ፣ አባት?» ይላል። አልመጣም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ፎቶው። ሳሙኤል የግርማን ፎቶ ስጡኝ አለ፤ ግርማ ያለባቸው ፎቶዎች ሁሉ ከቤቱ ጋር ተቃጥለዋል። የዋሽንግተኑ ሁለተኛ ሰልፍ ደግሞ ደርሷል፣ ትልቁ ሥዕልም ተከፍሎበታል። ወይዘሮ ሰብለ ለዚህም መላ አላጣችም። አፌን የዘጋው ሠዓሊ ጸጉሬን እንዲያጠቁረው፣ ከግንባሬም ጥቂት መስመር እንዲያነሣ አደረገች። ሳሙኤል ካሴቱን ልኮልኝ፣ ጎረቤት ቪዲዮ ካለው ቤት ገብቼ አየሁት። በዚያ በረዶ ውስጥ ስንት ሰው፣ ስንት ሻማ። «ግርማ! ግርማ!» እያሉ የኔን ፊት ተሸክመው ያለቅሳሉ። ቤቱ ያለው ሁሉ «ወይ ጉድ፣ ቁርጥ አባቱን ነው እኮ!» አለ።

ልጄ እናቱን ነበር የሚመስለው።